በሻይ የተነከረ ዕድሜ

ሥራው የሚጀመረው በወጥ ቤት ነው። ወፍራም ሻይ ወይም ቡና በሲኒ ይቀዳል፤ የአንድ የእጅ ሰዓት ገጽ ከቀፎው ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይጋደማል፤ በየሰዓቱ ምልክት ላይ ያሉት ነጫጭ ነጥቦች በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ ይነካሉ፣ ይደርቃሉ፣ እንደገና ይነካሉ፤ ነጩ ወደ ቅቤ፣ ቅቤው ወደ ማር መልክ እስኪጠጋ ድረስ። ወዲያ ማዶ አንድ ጎድጓዳ ሳሕን በረኪና ይዟል። በመስተዋቱ ዙሪያ የሚሽከረከረው ጥቁር የአሉሚኒየም ቀለበት እዚያ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ሲወጣ ጥቁረቱ ለቅቆ ግራጫ፣ አንዳንዴም የነጣ ሰማያዊ ሆኗል። ጨው፣ ፀሐይና የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን ተባብረው የሚሠሩትን ሥራ ሻይና በረኪና ከምሳ እስከ እራት ባለው ጊዜ ጨርሰውታል።

የትርፍ ጊዜ ሙያው ባጭሩ ይህ ነው። የ1950ዎቹን፣ የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ዝነኛ ሰዓቶች መስሎ የተሠራ አዲስና ርካሽ ቅጂ ይገዛል፤ ይፈታል፤ ከዋናው ጋር የማይመሳሰለው ክፍል ሁሉ ተራ በተራ ይለወጣል ወይም ይሞረዳል፤ በመጨረሻም አዲስነቱ ራሱ እንዲጠፋ ይደረጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዝቶ ከሚቀዱት አንዱ የሮሌክስ ሰብማሪነር የተባለው የጠላቂዎች ሰዓት ነው፤ በተለይም ከ1962 እስከ 1989 ገደማ ሲመረት የቆየው 5513 የተሰኘው ዓይነት። ዛሬ ተሠርቶ የሚመጣው ቅጂ መስተዋቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ይወጣና እንደ ጥንቱ ጎበጥ ያለ ፕላስቲክ ይገባለታል። የቀፎው ጎን ወፍሮ ከተገኘ በሞረድ ይቀጥናል። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ቀንዶች በጥንቱ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር የተበሱ ነበሩና እነርሱም ይበሳሉ። በሴኮንድ 8 ጊዜ የሚመታውን ማሽን አውጥተው በ6 ምት የሚሄድ ዘገም ያለ የሚተኩም አሉ፤ የሴኮንድ ቆጣሪው አካሄድ እንኳ የዛሬ እንዳይመስል።

አንባቢ «ፎርጅድ ሰዓት ደግሞ ምን ሒስ ያስፈልገዋል? የጉምሩክ ሠራተኛ ይበቃዋል» ሊል ይችላል። በከፊል እውነቱን ነው፤ ወደ ሕጉ እንመለሳለን። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች በሠሩት ላይ የሚከራከሩት እንደ ነጋዴ አይደለም። ይኸኛው ገጽ ቡናው በዝቶበት «በስሏል»፣ ያኛው ቀለበት በአንድ ወገን ብቻ መንጣት ሲገባው እኩል ነጥቷል፣ የዚህ ቀፎ ጭረት በማይጫርበት ቦታ ተጭሯል እያሉ ይተቻቻሉ። ስልት፣ ጣዕምና የፍርድ ቋንቋ ያለው ነገር ደግሞ ለሒስ ራሱን አቅርቧል። ይህ ጸሐፊም የሚጠይቀው በዚያው ሚዛን ነው፤ እጁ ምን ተማረ? ሥራውስ ስለ ጊዜ ምን ይላል?

የሚቀዳው ቀለም ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለፍርዱ ያስፈልጋል። ሰዓት በጨለማ እንዲነበብ በቀድሞው ዘመን ምልክቶቹ ራዲየም ይቀቡ ነበር። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኦሬንጅ በምትባል ከተማ በነበረ ፋብሪካ ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ ይቀቡ ከነበሩት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ መንጋጋቸው እየተበላ ታመሙ፣ ሞቱም፤ የአምስቱ ክስ በ1928 በስምምነት ተዘጋ። በ1960ዎቹ ራዲየም ቦታውን ለትሪቲየም ለቀቀ፤ በብዙ የስዊስ ሰዓቶች ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚነበበው «ቲ» እና 25 ቁጥርም የትሪቲየሙን መጠን ወሰን የሚናገር ማስታወቂያ ነው። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አብሮት የተቀላቀለው የሚያበራ ዱቄትም ይደክማል፣ ይጠወልጋል፣ ቀለሙ ይለወጣል። በ1990ዎቹ ደግሞ ጨረር የሌለው፣ ብርሃን ጠጥቶ ብርሃን የሚተፋ አዲስ ቀለም ተተካ።

እንግዲህ ያ በጨረታ አዳራሽ የሚመሰገነው የማር መልክ የድካም መልክ ነው። መብራት አቁሟል ማለት ነው። ቅጂው ግን በአዲሱ ቀለም የተቀባ ስለሆነ፣ ቀን ቀን በማር መልኩ ሽምግልናውን ሲተርክ ይውልና አምፖሉ ሲጠፋ እንደ ሕፃን ዓይን ቦግ ይላል። በብርሃን የዋሸውን በጨለማ ይናዘዛል። ጠንቃቆቹ ይህን አስቀድመው ያውቃሉ፤ ስለዚህም አንዳንዶቹ የሚያበራውን ቀለም ጠርገው አውጥተው ጭራሽ የማያበራ ቢጫ ቀለም ይተካሉ። እዚህ ላይ ነው ይህ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚቆመው። አንድ ሰው በጨለማ የሚነበብ ጤነኛ ሰዓት ገዝቶ፣ ብዙ ደክሞ፣ በጨለማ የማይነበብ አድርጎታል። የታወረ መስሎ እንዲታይ ዓይኑን አውጥቶታል ቢባል አልተጋነነም። ጥንታዊው ሰዓት ብርሃኑን ያጣው ሲሠራበት ኖሮ ነው፤ ቅጂው ግን ሳይሠራ ጡረታ ወጣ።

(እግረ መንገዴን አንድ ማሳሰቢያ፦ በእውነተኛ አሮጌ ሰዓቶች ላይ የሚሠሩ የራዲየሙን ነገር እንደ ተረት እንዳይመለከቱት። ገጹ ማብራት ካቆመ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ራዲየሙ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንሰው በ1,600 ዓመት ነው። የተሰነጣጠቀውን ቀለም በቢላ መፋቅና ብናኙን መተንፈስ ለማንም አይመከርም፤ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከቶ አይታሰብም።)

የሙያው ሌላ ገጽታ ግን ከምስጋና በቀር ሌላ አይገባውም። ገጹን ለመቀባት የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ማሽኑን መፍታቱ አይቀርም፤ ማሽኑን የፈታ ሰው ደግሞ ያው ሰው ሆኖ አይቀርም። ብዙዎች የሚማሩበት ከሴይኮ ኩባንያ ቤተሰብ የሚወጣው ኤን ኤች 35 የተባለው ማሽን ነው፤ በሰዓት 21,600 ጊዜ የሚመታ፣ 24 የዕንቁ ማቀፊያ ያለው፣ ቢበላሽ ሌላ የሚገኝለት። ተማሪው አጉሊ መነጽሩን በዓይኑ ሰክቶ በደቃቅ ካቻቪቴ የመጀመሪያዋን ብሎን ያላቅቃል፤ ሁለተኛዋን፤ ሦስተኛዋን። ከዚያ ከፀጉር የማትወፍር አንዲት ሞላ ከወረንጦው ተፈናጥራ ትጠፋለች። ሰውየው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ ባትሪ በሌላው ማግኔት ይዞ ከምንጣፉ ጠጉር መካከል ሲፈልጋት ያመሻል። አያገኛትም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ሞላዋን ከመንካቱ በፊት በላስቲክ ይሸፍናታል። ዘይት ሲበዛ ከዘይት ማነስ እኩል እንደሚያቆም፣ በትንፋሽ ተጠርጎ የተገጠመ ጥርስ በምራቅ ጠብታ እንደሚዝግ፣ ሚዛን የሚጠብቀው ጎማ ሲቃና ማሽኑ በድንገት መተንፈስ እንደሚጀምር በገዛ ጣቱ ያውቃል። የቆመ ነገር በእጁ ሲነሣ ያየ ሰው የሚሰማውን ደስታ የትኛውም ቡና የነካው ገጽ አይሰጥም።

ይህን ዕውቀት አገራችን ሳታውቀው የኖረችው አይደለም። በመርካቶና በፒያሳ ከትንሽ የመስተዋት ሣጥን ጀርባ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይናቸውን ለመነጽሩ ሌላውን ለመንገደኛው ሰጥተው የሚሠሩ ሰዓት ሠሪዎችን አዲስ አበባን የረገጠ ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ባትሪው፣ ኋላም የእጅ ስልኩ መጣና ሥራቸው በአብዛኛው ባትሪ መለወጥና ማሰሪያ ማሳጠር ሆነ። (ገጹ 7 ሲል «1 ሰዓት ነው» የምንል ሕዝብ ስለሆንን የሰዓትን ፊት እንዳለ አለማመን ለእኛ አዲስ አይደለም።) ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ የደንበኛው ፍላጎት ነው። ወደ እነዚያ ሣጥኖች የሚመጣ ሰው ያባቱን ሰዓት ይዞ «አዲስ አስመስልልኝ» ነበር የሚለው፤ ጭረቱ እንዲጠፋ፣ ቀፎው እንዲያብረቀርቅ፣ መስተዋቱ እንዲጠራ። የዛሬው የትርፍ ጊዜ ባለሙያ ደግሞ ትናንት የተሠራውን ይዞ «አሮጌ አስመስልልኝ» ይላል፣ ለራሱ። ያረጀ ነገር የሞላው ሰው አዲስ ይመኛል፤ አዲስ ነገር የጠገበ ሰው አሮጌ ይመኛል። ሁለቱንም መውቀስ ይከብዳል። የመጀመሪያው ግን ያለውን ነው ያጠበው፤ ሁለተኛው የሌለውን ነው የጻፈው።

በእነዚህ መካከል ያለውን ድንበር በግልጽ ያሰመረው በሮም የማዕከላዊው የእድሳት ተቋም የመጀመሪያ ኃላፊ የነበረው ጣሊያናዊው ቼዛሬ ብራንዲ ነው። በ1963 ባሳተመው የእድሳት ንድፈ ሐሳብ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አዳሹ የሥራውን አንድነት ይመልስ ዘንድ፣ ይህን ሲያደርግ ግን የታሪክ ሐሰት እንዳይሠራና ሥራው በጊዜ ውስጥ ያለፈበትን ዱካ ሁሉ እንዳያጠፋ። የዚያ ተቋም ባለሙያዎች በተጎዳ ሥዕል ላይ የጠፋውን ክፍል የሚሞሉት በጥቃቅን ቀጥ ያሉ መስመሮች ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሥዕሉ ሙሉ ነው፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን የትኛው የጥንቱ ሠዓሊ፣ የትኛው የዛሬው አዳሽ እንደሆነ መስመሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ጠጋ ላለ ሰው አይዋሽም።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን የቤት ውስጥ ባለሙያው ሥራ ለሁለት ይከፈላል። የዛገውን ቀፎ አጥቦ፣ የጠወለገውን ገጽ እንዳለ ትቶ፣ ያለቀውን ጥርስ ለውጦ አንድ አሮጌ ሰዓት እንዲሄድ ያደረገ ሰው ብራንዲን ሳያነብ ብራንዲን ፈጽሟል። በቅጂው ላይ የተሠራው ግን በተቃራኒው ነው፤ ውበቱ የሚለካው ጠጋ ያለውን ሰው በማታለሉ መጠን ነው። እዚህ ላይ ሥራው በራሱ ሚዛን እንኳ ችግር አለበት። ማንኛውም ጥበብ ፍጹም ሲሆን ሠሪው ይታያል፤ የጥሩ ሸማኔ ጥለት፣ የጥሩ ጠራቢ የእጅ ምት ከሩቅ ይታወቃል። ይህ ሙያ ግን ፍጹም ሲሆን ሠሪው ይጠፋል። ሳምንታት የደከመበት ገጽ «እንዴት ያማረ ሥራ!» ከተባለ ከሽፏል፤ ሊባልለት የሚገባው «ይህ ሰዓት ብዙ ኖሯል» ነው። በገጹ ላይ የተጻፈውም ስም የእርሱ አይደለም።

እኛም ዘንድ የዚህ ወንድም አለ። በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ገበያ በጢስ የጠቆረ አዲስ ብራና፣ አፈር ውስጥ ከርሞ የወጣ አዲስ መስቀል፣ ጥላሸት የጠጣ አዲስ ሥዕል ለመንገደኛ እንደ ጥንት ሲቀርብ ማየት የተለመደ ነው። ሥዕሉን የሣለው ሰው እውነተኛ ሙያተኛ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ያለ ጢሱ ቢሸጥ በስሙ የሚታወቅ ሠዓሊ ይሆን ነበር፤ ጢሱ ዋጋውን ከፍ አድርጎ እርሱን ከሥዕሉ አስወጣው። ወጉ ሠዓሊው ስሙን ለትሕትና እንዳይጽፍ ያዝዝ ይሆናል፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ትሑቱ ሠዓሊ ስሙን ተወ እንጂ የሌላ ሰው ዘመን አልወሰደም።

«ለራሴ ነው የምሠራው፤ ማንንም አላታልልም» የሚለው መልስ ዘወትር ይሰማል። ብዙዎቹም ከልባቸው ነው። ነገር ግን ሰዓት ከሰው ይልቅ ይኖራል። ባለቤቱ ይሞታል፣ ይቸግረዋል፣ ይሰለቸዋል፤ ልጁ መሳቢያ ሲከፍት ያረጀ የሚመስል፣ ትልቅ ስም ያለበት ሰዓት ያገኛል። የሻዩን ታሪክ የነገረው የለም። ሠሪው አንድ ቃል ሐሰት ሳይናገር ዕቃው መዋሸት ይጀምራል፤ ያ ልጅም ሳያውቅ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ይህ ፍርሃት ባዶ እንዳልሆነ አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይመሰክራል። በኖቬምበር 2021 የፊሊፕስ ጨረታ ቤት በዥኔቭ አንድ የኦሜጋ ስፒድማስተር ለጨረታ አቀረበ። በ1957 ገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ዓይነት፣ 2915-1 የሚባለው ነበር። ጥቁር የነበረው ገጹ በዘመን ብዛት ወደ ቡናማ ተለውጧል ተባለ፤ ሰብሳቢዎች «ትሮፒካል» የሚሉት፣ እንደ ብርቅ የሚታይ መልክ ነው። የተገመተለት ዋጋ ከ80,000 እስከ 120,000 የስዊስ ፍራንክ ነበር። የተሸጠው ከ3.1 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ነው። ገዢው ለሙዚየሙ የፈለገው ራሱ የኦሜጋ ኩባንያ እንደነበረ በኋላ ታወቀ። በ2023 አንድ የስዊስ ጋዜጣ ጉዳዩን ካወጣ በኋላ ኩባንያው ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች በአብዛኛው እውነተኛ ክፍሎች ተገጣጥሞ የተሠራ መሆኑን፣ በነገሩም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት አመነ።

ከወንጀሉ ይልቅ ለሒስ የሚጠቅመው ክፍሎቹ በአብዛኛው እውነተኛ የነበሩ መሆናቸው ነው። ሐሰቱ ያለው በመገጣጠሙ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ አንድ ሕይወት ኖረ በሚለው ቃል ውስጥ ነበር። የኦሜጋን ሰዓት ከራሱ ከኦሜጋ ይልቅ ማን ያውቃል? እርሱም ከፈለ። እንግዲህ በመሳቢያው የሻይ ሰዓት ያገኘው ልጅ ምን ሊያደርግ ነው?

ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ራሳቸው ሻዩን መጠጣታቸው ነው። ይኸው ኦሜጋ በ2017 የ1957ቱን ስፒድማስተር ጨምሮ ሦስት የጥንት ሰዓቶቹን ደግሞ ሲያወጣ፣ እያንዳንዱን በ3,557 ቁጥር ወስኖ፣ ምልክቶቹን ከፋብሪካው በወጡበት ዕለት የጠወለገ በሚመስል ቀለም ቀባቸው። ከዚያ በፊትም ኋላም ሌሎች ብዙ ኩባንያዎች ይህንኑ አድርገዋል። «እነርሱ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡትን እኔ በወጥ ቤቴ ብሠራ ምን ነውር አለው?» የሚለው የትርፍ ጊዜ ባለሙያ ስለ ጣዕም ከሆነ የሚናገረው፣ ይህ ጸሐፊ መልስ የለውም። ጣዕሙ አንድ ነው፤ እንዲያውም በጥንቃቄ ሲሠራ የወጥ ቤቱ ማር መልክ ከፋብሪካው የሎሚ መልክ የተሻለ ነው። ፋብሪካው ሁሉንም ነጥቦች በአንድ ቀለም ነው የሚቀባው፤ ዕድሜ ግን እንዲህ ትክክል አያከፋፍልም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ፋብሪካው አዲስ የተሠራበትን ዓመት በሰነዱ ላይ ይጽፋል፣ ስሙም የራሱ ነው።

ሕጉም የሚቆመው እዚሁ ስም ላይ ነው። የሌላውን የተመዘገበ ስም በገጹ ላይ የያዘ ቅጂ ማንም ይነካካው ማን ፎርጅድ ነው፤ ሻጩም ተጠያቂ ነው። እውነተኛ ሰዓትን ስለ መለወጥ ግን የስዊስ ፌዴራል ፍርድ ቤት በጥር 2024 በሰጠው ውሳኔ አስተዋይ ድንበር አስምሯል፤ ባለቤቱ ራሱ ያለውን ሰዓት ይዞ መጥቶ ለግል አገልግሎቱ እንዲለወጥለት ሲጠይቅ የሚሰጠው አገልግሎት አንድ ነገር ነው፤ የተለወጠውን ሰዓት ከነ ስሙ ገበያ ላይ ማውጣት ግን ሌላ ነገር። በዚያው ወር በአሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሮሌክስ ክፍሎቻቸው በሌላ ሠሪ ዕቃ የተተኩ ሰዓቶችን በስሙ ይሸጥ በነበረ ነጋዴ ላይ ያሸነፈውን ፍርድ አጽንቷል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ይህ ጸሐፊ የሚያደንቀው ሦስተኛ ወገን አለ፤ ቁጥሩ ግን ያንሳል። ቀፎውን ከአንዱ፣ ማሽኑን ከሌላው፣ ቆጣሪዎቹን ከሦስተኛው ሰብስቦ የጥንቱን ቅርጽ የሚከተል ሰዓት ይሠራና ገጹን ያለ ስም ይተወዋል። ጥቁር ገጽ፣ ነጫጭ ነጥቦች፣ ከላይ አንድ ሦስት ማዕዘን፤ ሌላ ምንም የለም። ከ1953 የጀመረው የጠላቂ ሰዓት መልክ የጋራ ቋንቋ ሆኗልና በዚያ ቋንቋ መናገር ስርቆት አይደለም። ስም የሌለው ገጽ መጀመሪያ ሲያዩት ጎደሎ ይመስላል፤ ዓይን ከላመደው በኋላ ግን ስም ያለበት ገጽ ነው የሚጮኸው። ቀለበቱን በበረኪና አይነክረውም፤ ያደርገዋል፣ ውኃ ይገባበታል፣ ከበር ጋር ያጋጨዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚነጣው ንጣት የእርሱ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሙያው ግን የተወለደው ትዕግሥትን ከሚያስተምር ዕቃ መሆኑ አይዘነጋም።

ለመሆኑ በአሮጌ ሰዓት ላይ የምንከፍልበት ነገር ምንድን ነው? የፊልም ተዋናዩ የፖል ኒውማን የሮሌክስ ዴይቶና በኦክቶበር 2017 በኒው ዮርክ ከ17.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ያ ዓይነት ገጽ በወጣበት ዘመን ገዢ አጥቶ በሱቅ የሚከርም ነበር። ሚስቱ ጆአን ውድዋርድ ግን ባሏ በጥንቃቄ እንዲያሽከረክር የምትማጸን አጭር ቃል በጀርባ ክዳኑ ላይ አስቀርጻ ነበር። የእኛም ታሪክ በዚህ ገበያ አልፏል፤ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በኖቬምበር 2015 በዥኔቭ ለጨረታ ከቀረበ በኋላ በባለቤትነት ክርክር ተነሥቶ፣ በ2017 ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሽጧል። ወርቁ ያን ያህል አያወጣም፤ ማሽኑም ለብቻው አያወጣም። የተከፈለው ለእጁ ነው። ሻይ ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ ሻይ የሚሰጠው የማንንም እጅ ያላወቀ ዕድሜ ነው።

በቀድሞ ጊዜ ሰዓት ሠሪዎች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ዛሬም የያዙት አሉ። ሰዓቱን አድሰው ሲጨርሱ በጀርባ ክዳኑ በውስጥ በኩል፣ ባለቤቱ በማያየው ቦታ፣ በመርፌ ጫፍ ቀኑንና የስማቸውን ምልክት ይጭራሉ። ዓላማው ለጉራ አልነበረም፤ ሰዓቱ ተመልሶ ሲመጣ መቼ እንደ ታደሰና በማን እጅ እንዳለፈ እንዲያውቁ ነው። አሮጌ ሰዓት ሲከፈት እነዚህ ጭረቶች አንዳንዴ አራትና አምስት ሆነው ተደራርበው ይገኛሉ፤ አንዱ ጠንካራ እጅ፣ አንዱ የሚንቀጠቀጥ፣ አንዱ ቀኑን ጽፎ ስሙን የዘነጋ። ቅጂ ሠሪው ፋብሪካ የክዳኑን ውስጥ ሳይቀር የዋናውን ፋብሪካ ጽሑፍ አስመስሎ ይቀርጽበታል፤ ከጽሑፉ በታች ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ቦታ ይቀራል። ገጹን በቡና ያበሰለው፣ ቀንዶቹን የበሳው፣ ሞላዋን ከምንጣፍ የፈለገው ሰው ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ቀኑን፣ ስሙንና «ገጹን እኔ ቀባሁት» የሚል ቃል ሊጭርበት የሚበቃ ነው።